ከማሽኑ በፊት ባለሙያው፤ ቤት የሚያሞቅ፣ የሚያቀዘቅዝና አየር የሚያናፍስ ሰው እንዴት ይመረጣል?

አንድ የቅርብ ዘመዴ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲነግድ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣቃ ጨርቅ በሁለት ጣቱ ዳስሶ ስንቱ እጅ ጥጥ፣ ስንቱ እጅ ፖሊስተር እንደሆነ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ይኸው ሰው ባለፈው ኅዳር አያት አካባቢ ላሠራው ቤት መኝታ ክፍል “ትልቁን ስጠኝ” ብሎ ባለ 24 ሺህ ቢቲዩ ስፕሊት ኤሲ ገዛ። የገዛው የሌሊቱን ብርድ ሊያባርርበት ነበር። ማሽኑ ተሰቀለ፣ ተከፈተ፣ ቀዝቃዛ አየር ነፋ። ሪሞቱን ቢያገላብጡት የማሞቂያ ምልክት የለውም። ለካስ ዕቃው ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የተሠራ፣ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችል ኖሯል።

ሱቁ “የተገጠመ ዕቃ አይመለስም” አለ። ኮሚሽኑን የተቀበለው ደላላ ስልኩን ዘጋ። ብርዱ ግን አልተወም፤ ስለዚህ በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት ከሰል ተያይዞ ፍሙ ከነምድጃው ወደ መኝታ ክፍሉ ኮሪደር ገባ። ሌሊቱን ሁለቱ ልጆች ራስ ምታትና ማስመለስ ይዟቸው ተነሡ። እናታቸው ነገሩ ገብቷት በር ከፍታ ወደ ውጭ ባታወጣቸው ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ስሜት እጽፈው ነበር።

በጨርቅ ማንም የማያታልለው ሰው በአየር እንዴት ተታለለ? የዛሬው ዓምዳችን ጥያቄ ይህ ነው። በመርካቶ ገንዘብ ሠርተው በአያት፣ በለቡ፣ በሲኤምሲ ወይም እዚያው አዲስ ከተማ ሕንፃ ላይ ቤት የሚያቆሙ አንባቢዎቻችን በዚህ ረገድ የሚያወጡት ገንዘብ ቀላል አይደለምና ጉዳዩን ረጋ ብለን እንመልከተው።

ሦስት ሥራ በአንድ ስም

የመጀመሪያው ስህተት ከስሙ ይጀምራል። በገበያችን ሁሉም ነገር “ኤሲ” ነው። ከጣሊያን ቋንቋ የወረስነው “ቬንትሌተር” የሚለው ቃል እንኳ ለእኛ ከጣሪያ ወይም ከጠረጴዛ ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ብቻ ነው የሚያመለክተው። በእርግጥ ግን ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝና አየር መለወጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱን የገዛ ሰው ሌላውን አብሮ አላገኘም።

በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ስፕሊት አየር አይለውጥም። ከክፍሉ አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዘዋል ወይም ያሞቀዋል፣ መልሶም እዚያው ይተፋዋል። ከውጪው ማሽን ጋር የሚያገናኘው የመዳብ ቱቦ የሚያመላልሰው ጋዝ እንጂ አየር አይደለም። እንግዲህ በር ዘግቶ፣ መስኮት ጠርቅሞ፣ ኤሲ ከፍቶ፣ በከሰል ቡና አፍልቶ እጣን የሚያጨስ ቤተሰብ የራሱን ጭስ መልሶ መላልሶ እየተነፈሰ ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ የአዲስ አበባ ቤት ችግሩ ምንድነው? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀን ግን ፀሐዩ ሲከርር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ይግላል። በሌላ አነጋገር የአብዛኛው ቤት በሽታ የቀንና የሌሊት መፈራረቅ ነው። ሙቀት በጣሪያው በኩል ይገባል፣ በዚያው በኩልም ይወጣል። ቀድሞ በጭቃ የተሠሩት ወፍራም ግድግዳ ቤቶች ይህን መፈራረቅ ያለዝቡት ነበር። ብሎኬትና ሰፊ መስታወት ግን አያለዝቡትም።

ሁለተኛው በሽታ እርጥበት ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ምን ያህል እንፋሎት እንደሚያወጣ እናቶቻችን ያውቁታል። ያ እንፋሎት መውጫ ካላገኘ ወደ ቀዝቃዛው ግድግዳ ሄዶ ውኃ ይሆናል፤ ከቁም ሳጥን ጀርባና ከአልጋ ራስጌ የሚታየው ጥቁር ሻጋታ ከዚያ ነው የሚመጣው። በየዓመቱ ቀለም የሚያስቀባ ባለቤት አለ፤ ሻጋታውም በየዓመቱ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ማእድ ቤት ውስጥ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ ነው። ልብ ይበሉ፤ በጌጥ መልክ ከምድጃ በላይ የሚሰቀሉት መሳቢያዎች ቱቧቸው ወደ ውጭ ካልወጣ እንፋሎቱን በፊልተር አዙረው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚለቁት። ሽታ ይቀንሱ ይሆናል፤ ውኃውን ግን የትም አልወሰዱትም።

ሻጩ ሐኪምም ሲሆን

ለዚህ ጽሑፍ ስል የአንድ ክፍል ልክ ወረቀት ላይ ጽፌ መርካቶ ውስጥ ሦስት ሱቅ ገብቼ ነበር። አራት በአምስት ሜትር፣ መኝታ ክፍል። የመጀመሪያው ሻጭ “12 ሺህ ይበቃሃል ወንድሜ” አለኝ። ሁለተኛው “18 ካልሆነ አትድከም” አለ። ሦስተኛው በቀጥታ 24 ሺህ አሳየኝና “ትልቅ ሲሆን አይደክምም” ሲል አስረዳኝ። ሦስቱም የጣሪያውን ዓይነት አልጠየቁም፣ መስኮቱ ወደ የት እንደሚያይ አልጠየቁም፣ ስንት ሰው እንደሚተኛበት አልጠየቁም። ከሁሉ የሚገርመው የምፈልገው ለሙቀት ይሁን ለቅዝቃዜ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ጆርጅ አከርሎፍን ሳይጠቅስ አያልፍም፤ እኔም አላልፍም። አሜሪካዊው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ሲያስረዳ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ጊዜ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አሳየ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የኤሲ ገበያ ከመኪናው ይብሳል። መኪና የሚገዛ ሰው ቢያንስ መኪና እንደሚያስፈልገው ያውቃል። እዚህ ግን በሽታውን የሚነግርዎትም መድኃኒቱን የሚሸጥልዎትም አንድ ሰው ነው። ገጣሚውም ደንበኛ ይዞ ሲመጣ ከሱቁ የድርሻውን ስለሚቀበል፣ ትልቅ ማሽን በተሸጠ ቁጥር ድርሻውም ያድጋል። ይህን ሰው ሌባ ማለቴ አይደለም። ጥቅሙ ወዴት እንደሚጎትተው ነው የማሳየው።

መፍትሔው ቀላል ሲሆን ለመርካቶ ሰው ግን የሚከብድ ነው፤ ለምክር ለብቻው መክፈል። ከማንኛውም ሱቅ ድርሻ የማይቀበል ባለሙያ ቤትዎ ድረስ መጥቶ እንዲያይ፣ እንዲለካና በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይክፈሉት። “ለማየት ብቻ?” የሚል ነጋዴ አውቃለሁ። ያው ነጋዴ ግን ያገለገለ መኪና ሲገዛ መካኒክ ይዞ ይሄዳል፣ ለመካኒኩም ይከፍላል።

ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው

እንግዲህ ጥሩው ባለሙያ በምን ይታወቃል? ከብቃት ማረጋገጫው እንጀምር። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓታችን ሠልጣኙ ተመዝኖ የሚያገኘው፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው ማስረጃ አለ። የሙያውን ስምና ደረጃውን አንብቡ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚዘረጋ ሰው ማስረጃና የማቀዝቀዣ ጥገና ማስረጃ አንድ አይደሉም። ትልቅ ቤት ወይም ሕንፃ ከሆነ ደግሞ በኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተቋራጭነት የተመዘገበ ድርጅት ይፈለጋል። የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ራሱ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ የሰጠው ሰው ሥራ መሆን አለበት። አገሪቱ ለዚህ ሥራ የራሷ መመዘኛ እንዳላትም ብዙ ሰው አያውቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዶች መካከል 11ኛው የሚናገረው ስለ ሕንፃዎች አየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣ ነው። “ኢቢሲኤስ 11ን ታውቀዋለህ?” ብለው ይጠይቁ። መልሱ ባይጥምዎት እንኳ ፊቱን ያነባሉ።

ወረቀት ግን ወረቀት ነው። እኔ የበለጠ የማምነው ባለሙያው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የሚያቀርበውን ጥያቄ ነው። ኮርኒሱ በላዩ ምን አለው? ማእድ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጋር በምን ይገናኛል? ቆጣሪው ስንት ይችላል? ምጣዱና ቦይለሩ በየትኛው መስመር ላይ ናቸው? ከሰል ቤት ውስጥ ትጠቀማላችሁ? ጀነሬተሩ የት ነው የሚቆመው? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ቤቱን እንደ ቤት እያየው ነው። ኪሱን ዳስሶ ሜትር እንኳ ሳያወጣ “18 ሺህ” የሚል ሰው ግን የሚያየው ሱቁን ነው።

ዘመዴን የገላገለው ባለሙያ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ነው። በተቀጠርንበት ቀን መጥቶ መጀመሪያ ያደረገው መሰላል ጠይቆ የኮርኒሱን መፈተሻ ቀዳዳ መክፈት ነበር።

“ጋሼ፣ ኤሲው እኮ እዚህ ነው” አልኩት ወደ ግድግዳው እያመለከትኩ።

“እሱ አይጠፋም ልጄ” አለኝ ራሱ ኮርኒሱ ውስጥ እንዳለ፤ “እኔ የማየው ቤቱ በየት በኩል እንደሚያፈስ ነው።”

ኮርኒሱ በላይ ባዶ ነበር። ከኮርኒሱ ጣውላ በላይ የሚገኘው ራቁቱን ያለ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ከፍታችን የሚያመጣው ጣጣ

ይህን ክፍል ሻጭ ሲያነሣው ሰምቼ አላውቅም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል ያንሳል። ጀነሬተር ያለው ነጋዴ ሁሉ ይህን በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኪሎ ቫት ማሽኑ እዚህ አይሰጥም። ኤሲና የአየር መሳቢያም እንዲሁ ናቸው። ማራገቢያው በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው ይዘት ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው አየር ስለሳሳ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በፋብሪካው ካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል የተሰጠ ነው። ደህና ባለሙያ ይህን አስቦ ያስተካክላል፤ ይህን ሰበብ አድርጎ ሁለት እጥፍ የሚሸጥ ሰውም አይጠፋምና በወረቀት ላይ ያሳይዎት።

አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። አዲስ ስፕሊት ሲገጠም በቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በቫኩም ፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት። በሰፈራችን ብዙው ገጣሚ ፓምፕ የለውም፤ ትንሽ ጋዝ ለቆ “አየሩን ገፋሁት” ይላል። እርጥበቱ ግን እዚያው ይቀራል፣ ዘይቱንም ያበላሻል፤ ኮምፕረሰሩ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ሲሞት ጥፋቱ በመብራት መቆራረጥ ይሳበባል። ስለዚህ ፓምፑን ያሳይዎት። ቀጥለውም “ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ጌጁ ስንት ያነባል?” ይበሉት። መጽሐፉ 30 ኢንች ይላል፤ ያ ግን በባሕር ወለል ነው። የእኛ አየር ግፊቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ እዚህ ዜሮ ላይ የተስተካከለ ጌጅ ከ22 ወይም ከ23 ኢንች ብዙም አያልፍም። “30 ድረስ ወስጄዋለሁ” የሚል ሰው ወይ ጌጁ ተበላሽቷል፣ ወይ አልሳበውም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ልማድ አለ። “ጋዙ አልቋል፣ በየዓመቱ መሞላት አለበት” የሚባለው ነገር። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፣ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚመለስበትን ሥራ እያዘጋጀ ነው።

ሰሌዳውን ያንብቡ

ከሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል ትተው ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። የማሞቅ ኃይል የሚል መስመር ከሌለው ማሽኑ አያሞቅም፤ ዘመዴን 24 ሺህ ቢቲዩ ያስከፈለው ይህችው መስመር ናት። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ከሳዑዲ ተመላሾች የሚያመጡት ዕቃ ቮልቱ ቢመሳሰልም ኸርዙ 60 ሊሆን ይችላል፤ ከአሜሪካ የሚመጣው ደግሞ በሁለቱም ይለያል። 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ሞተር በእኛ መስመር ላይ ዝግ ብሎ ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የዱባዩ 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለበትም።

የጋዙም ዓይነት እዚያው ተጽፏል። አር 22 የሚል ያገለገለ ማሽን በርካሽ ቢቀርብልዎት ርካሽነቱ ምክንያት አለው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ፕሮቶኮል እኛን በመሰሉ አገሮች የዚህን ጋዝ ፍጆታ ደረጃ በደረጃ ቀንሶ እ.ኤ.አ. በ2030 ለጥገና ከሚተው ጥቂት መጠን በስተቀር ያስቆመዋል። ጋዙ እየጠፋ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። አዲሶቹ አር 410ኤ እና አር 32 ናቸው። አር 32 በመጠኑ የሚቀጣጠል በመሆኑ ሲጋራ አፉ ላይ ይዞ የሚገጥም ሰው ወደ ቤትዎ አይግባ።

ምርት ስም ከመምረጥዎ በፊት ደግሞ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ይበሉ። የዚህ ሞዴል ካፓሲተር፣ የማራገቢያ ሞተር፣ ቦርድ አለ ወይ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ አንድ ቦርድ የሚያስከትለውን ወጪ የመርካቶ አስመጪ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስሙ ያልገነነ ግን መለዋወጫው ሞልቶ የተረፈ ማሽን ከታዋቂው ይሻላል፤ ይህ የግሌ አስተያየት ነው፣ ሻጮች አይስማሙበትም።

መስመሩና ጎረቤቱ

2 ሺህ ዋት ማሞቂያ ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ነው። ቦይለሩን ጨምሩበት። ሦስቱ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ቀጭን ገመድ፣ ምናልባትም በማከፋፈያ ላይ ሲሰኩ ገመዱ ግድግዳው ውስጥ ይግላል። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ላይ የተነሣውን ቃጠሎ ያየ የመርካቶ ሰው እሳት ስለሚያደርገው ነገር ከጋዜጣ መማር አያስፈልገውም። ማሞቂያም ሆነ ኤሲ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ይኑረው። ባለሙያው ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠይቅ አይከራከሩት።

እዚያው መርካቶ ሕንፃ ላይ ለሚኖሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የውጪው ማሽን የት ይሰቀላል? ኤሲ ሲያቀዘቅዝ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ሲያሞቅ ደግሞ ውኃው የሚወርደው ከውጪው ማሽን ነው። ከሥር የጨርቅ ወይም የካርቶን ዕቃ ሱቅ ካለ ጠቡ ከመጀመሪያው ሳምንት ይነሣል። ውኃው በቱቦ እስከ ፍሳሽ መውረጃ ድረስ እንዲሄድ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ከሰሉ

ብርድ ሲበረታ በከተማችን በከሰል ጭስ የሚሞት ሰው ዜና ይሰማል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ማስጠንቀቂያውን ይደጋግማል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ይይዘዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው “ጭሱ ካለቀ፣ ፍም ከሆነ ችግር የለውም” በማለት ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ጭስ የሌለው ፍም ይህንኑ ጋዝ አብዝቶ ያወጣል። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፣ በዚህም ይመሰገናል፤ ጋዙን ግን አያስቀርም። ጀነሬተር በረንዳ ላይ ወይም ምድር ቤት ማስነሣትም ያው ነው። “ከሰሉን ተዉት፣ አንድ ክፍል በኤሌክትሪክ አሙቁ፣ በመኝታ ቤት ኮሪደር የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል አድርጉ” የማይል ባለሙያ ምንም ቢራቀቅ ሥራውን አያውቅም።

ሂሳቡስ?

አሁን ወደምወደው እንምጣ። አንድ 2 ሺህ ዋት ማሞቂያ በሌሊት 5 ሰዓት ቢሠራ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 300 ይፈጃል። የሚያሞቅ ስፕሊት ሙቀቱን ከውጪው አየር ስለሚቀዳ ለተመሳሳይ ሙቀት አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ማለትም 100 ቢፈጅ ነው። ሌሊታችን ብርድ ቢሆንም እንደ አውሮፓ በረዶ አለመሆኑ ለዚህ ማሽን ይመቸዋል። ልዩነቱ በወር 200፣ ብርድ በሚበረታባቸው አራት ወራት 800 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ለስሌት ያህል አንዱን በ5 ብር ብንይዘው የዓመት ቁጠባው 4,000 ብር ይሆናል። ማሽኑ ከነገጠማው ከተራው ማሞቂያ በ40,000 ብር ቢበልጥ ወጪውን ለመመለስ 10 ዓመት ይፈጃል።

ስለዚህ አንድ መኝታ ክፍል ብቻ በምሽት ለሚያሞቅ ቤተሰብ በዘይት የተሞላ፣ ራሱን የሚያጠፋ ማሞቂያ በደህና መስመር ላይ ከስፕሊቱ ያዋጣል። ሳሎንና ሦስት መኝታ ክፍል ለሚያሞቅ፣ አዛውንት ወይም ሕፃን ላለበት፣ ወይም ቤቱን ለውጭ አገር ተከራይ ለሚያከራይ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉን በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ለማሳደግ መነሣቱንና ብዙ የሚጠቀም ቤት በከፍተኛው እርከን እንደሚከፍል አይርሱ፤ ከላይ ባለው 5 ብር ፋንታ የራስዎን የመጨረሻ ሂሳብ ያስገቡ።

ከሁለቱም የሚቀድመው ግን ኮርኒሱ ነው። በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል ሙቀት የሚይዝ፣ እሳት የማይበላው ንጣፍ ማድረግ፣ የመስኮትና የበር ክፍተት መድፈን፣ ለማእድ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ ማድረግ። ይህ አንዴ ተከፍሎበት የሚኖር ወጪ ነው፤ ቆጣሪ አይቆጥርበትም። ኮሚሽንም የለበትም፤ በገበያው የማይወራው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ውልና ደረሰኝ

የሥራውን ዓይነት፣ የማሽኑን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ የጋዙን ዓይነት፣ የገመዱን ውፍረት፣ የጥገናውን ጊዜ በጽሑፍ ያድርጉ። “ጋራንቲ አለው” የሚለው የቃል ተስፋ የማንን ጋራንቲ እንደሚል አይታወቅም፤ የሱቁ ነው? የአስመጪው? የገጣሚው? ሦስቱ እርስ በርስ ሲወራወሩ ገዢው መሐል ይቀራል። ክፍያውን ከፋፍሉት፤ የመጨረሻው ድርሻ ማሽኑ አንድ ወር ከሠራ በኋላ ይሁን። በርክክቡ ቀን ተራ ቴርሞሜትር ይያዙ። ማሽኑ ሲያቀዝቅዝ በሚስበውና በሚተፋው አየር መካከል ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ያህል ልዩነት ካልታየ ቀሪውን አይክፈሉ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ይህ ሁሉ ግን ደረሰኝ ላለው ሰው ነው። ዘመዴ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለማትረፍ ያለ ደረሰኝ ገዝቶ ነበር። ሱቁ “ከእኛ መግዛትህን በምን ታሳያለህ?” ሲለው መልስ አልነበረውም። ይህን ጥያቄ እሱ ራሱ ለደንበኞቹ ስንት ጊዜ እንደጠየቀ አልጠየቅኩትም።

ሽማግሌው ባለሙያ ሥራውን በስድስት ቀን ጨረሰ። የኮርኒሱን ላይ አነጠፈ፣ ማእድ ቤቱን መሳቢያ ገጠመለት፣ ለመኝታ ክፍሉ የራሱን መስመር አውጥቶ አንድ የዘይት ማሞቂያ ሰካ። ባለ 24 ሺሁ ማሽን ጋዙ ወደ ውጪው ክፍል ተሰብስቦ፣ ተፈትቶ፣ በካርቶኑ ተመልሶ ሎጊያ ሆቴል ላለው የዘመዴ ደንበኛ ተሸጠ። በዚያ ሙቀት ማቀዝቀዝ ብቻ መቻሉ ቅር የሚያሰኘው ሰው አልተገኘም። ዘመዴ ከገዛበት ሩቡን ከስሯል።